የፎርድ ቲ ሻንሲ የስንት ዓመት እንደሆነ የምታውቁ?

የድሮ መኪና የምታውቁ ተባበሩኝ። እዚህ ቨርጂኒያ ቦዲ የሌለው ፎርድ ሞዴል ቲ ገዝቻለሁ። ሐሳቤ ስፒድስተር (ጣሪያና በር የሌለው ቀላል የእሽቅድምድም ዓይነት መኪና) ልሠራው ነው፤ ሁለት ዝቅ ያሉ ወንበሮች፣ ከኋላቸው ክብ የነዳጅ ታንከር፣ በቃ። የዚያን ዘመን ጎረምሶችም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

ሞተሩ አላስቸገረኝም። ቁጥሩ በግራ በኩል ከውሃ መግቢያው በላይ ተመትቷል፤ የ1923 እ.ኤ.አ. ነው። ያስቸገረኝ ሻንሲው ነው። ፎርድ ሻንሲ ላይ ቁጥር መምታት የጀመረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ የኔው ባዶ ነው። ሞተር ደግሞ ስንቴ ተቀይሮ ይሆናል!

የኋላው አግዳሚ ብረት አጭር ነው። አጭሩ ከ1913 በፊት የነበረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ነው። ግን አንዱን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው ከዝገቱ ሥር የመጋዝ ጭረት የሚመስል መስመር ወጣ። ረጅሙን ሰው ቆርጦት ይሆን? በእውነት የድሮው ከሆነ መሰርሰሪያ አላስነካውም።

ሌላ መለያ ምልክት የት ልፈልግ? ደግሞስ ሻንሲውን ሳይበሳ የመኪናውን ፊት ዝቅ ያደረገ አለ? የፊት አክስሉ ጋደል ያለበት ማዕዘን ከተዛባ መሪው መንገድ አይዝም፤ እሱም አስፈርቶኛል። ፎቶ ለሚፈልግ እልካለሁ።