ለቆርቆሮ ቤት ስፕሊት ኤሲ አዳማ ላይ፦ 12 ሺህ ወይስ 18 ሺህ ቢቲዩ? ገጠማውስ?

በጋ_ሰለቸኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.80። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ነው። ትልቁ መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባለች። ሱቅ ላይ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ 18 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ወይም 12 ሺህ ኢንቨርተር ባለ አር 32 ጋዝ። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ሻጩ «አዳማ ሙቀት ነው፣ ትልቁን ውሰድ» ይላል። ገጣሚው ደግሞ አየር መምጠጫው ቫኪዩም ፓምፕ አያስፈልግም፣ የቧንቧውን አየር በራሱ በጋዙ ገፍቼ አወጣዋለሁ ብሏል። ማታ ማታ ኃይል ይቀንሳል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ያስታውቃል። የቱ ይሻላል? ገጣሚውንስ ምን ምን ብዬ ልያዘው?

ቀዝቃዛ_ጎን

ከኤሲው በፊት ኮርኒሱን እንይ። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በጣም በሚሞቅባቸው ወራት እንኳ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱም በረድ ይላል። ስለዚህ ቤቱን ምድጃ የሚያደርገው ከውጭው አየር ይልቅ ቆርቆሮው ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ በእጅ አይነካም፤ ማዳበሪያው ያን ሙቀት አያግደውም፣ በጠርዙ በኩልም የጣሪያው ስር ትኩስ አየር ከነአቧራው ይገባል። እንዲህ ባለ ክፍል ኤሲ መግጠም ቆርቆሮውን ለማቀዝቀዝ መብራት መክፈል ነው።

ሒሳቡን ለመነሻ ያህል በካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ያዝ። 20 ካሬ ሲባዛ በ600፣ 12 ሺህ ይመጣል። ኮርኒሱና የምዕራብ መስኮቱ እንዳሉ ከቀሩ ሩብ ያህል ጨምርበት፣ 15 ሺህ ይደርሳል። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑ የተጻፈበትን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። እንግዲህ ኮርኒሱን በቺፑድ ወይም በጂፕሰም ቀይረህ ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ግላስ ዉል (ሙቀት የሚያግድ የመስታወት ጥጥ) ካነጠፍክበት፣ ለመስኮቱም ከውጭ በኩል ጥላ ካበጀህለት፣ 12 ሺሁ ኢንቨርተር ይበቃሃል። መጋረጃ ከውስጥ ብቻ አይቆጠርም፤ ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች ሙቀቱ ገብቷል። ኮርኒሱን አልነካም ካልክ 18 ሺህ ውሰድ፣ ግን እሱም ኢንቨርተር ይሁን።

ኢንቨርተር ያልሆነው 18 ሺህ የሚሠራው ወይ ሙሉ ወይ ዜሮ ነው። ሙቀቱ ቀለል ሲል ቶሎ ይጠፋል፣ ቶሎ ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል። አንተ የምታበራው ደግሞ መብራት በሚደክምበት ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ ቀስ ብሎ ይነሳና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱን ቀንሶ ይቀጥላል። «ኢንቨርተር» የሚለውን ተለጣፊ ብቻ አይተህ እንዳትገዛ፤ የማሽኑ ፕሌት ላይ የማቀዝቀዝ አቅሙ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ በሁለት ቁጥር መጻፉን አረጋግጥ።

ፍሌር_ነት

ቀዝቃዛ ጎን ያለው ልክ ነው። እኔ ገጠማው ላይ ላተኩር፣ ኤሲ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ ቧንቧው። ለ12 ሺህ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ኢንችና 3/8 ነው፤ ለ18 ሺህ ሩብና ግማሽ ኢንች። ከሱቅ ሲሰጡህ ጫፉን አስቆርጠህ እይ። ከላይ መዳብ መስሎ ቁራጩ ውስጡ ብር ብር ካለ አሉሚኒየም ነው፣ መልስ። የመዳቡ ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ስሱ ፍሌር ሲደረግ (ጫፉ እንደ ደወል ሲከፈት) ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ቧንቧ ለየብቻው ኢንሱሌሽን ይልበስ። በዚህ ዓይነት ማሽን ቀጭኑም ቀዝቃዛ ስለሆነ አንድ ላይ መጠቅለል አይሆንም።

ቧንቧው በመቁረጫ ይቆረጥ እንጂ በብረት መጋዝ አይሁን። የውስጥ ጠርዙ ሲላግ አፉ ወደ ታች ይዘቅዘቅ፣ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ነቱን ከፍሌሩ በፊት ማስገባት የሚረሳ ገጣሚ አይጠፋም። ፍሌሩ ላይ ጠብታ ዘይት ተደርጎ ነቱ በሁለት ቁልፍ ይጠበቅ፤ ቶርክ ቁልፍ ካለ ለሩቡ ከ15 እስከ 18፣ ለ3/8 ደግሞ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር። በጉልበት ከመጠን በላይ የጠበቀ ፍሌር ይሳሳና ወራት ቆይቶ ያስተነፍሳል። «ጋዝ አለቀ» የሚባለው አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው፤ ጋዝ ካልፈሰሰ አያልቅም።

አሁን ወደ ቫኪዩሙ። ገጣሚህ ያለውን አትቀበል። በጋዙ አየር መግፋት እርጥበቱን ቧንቧው ውስጥ ይተወዋል። የእነዚህ ማሽኖች ዘይት እርጥበት ይመጥጣል፣ ከሱ ጋር አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ የኮምፕረሰሩን ጥቅል ሽቦ ይበላል። አር 32 ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ በሲጋራና በብየዳ አጠገብ ዝም ብሎ የሚለቀቅ አይደለም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ የአውትዶሩ (የውጭው ማሽን) ቫልቮች እንደተዘጉ ናይትሮጂን ከነሬጉሌተሩ እስከ 400 ፒኤስአይ ግፊት ሙላ፣ ነቶቹን በሳሙና አረፋ ፈትሽ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቅ። ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከዘይት ጋር ይፈነዳል። ከዚያ ናይትሮጂኑን ለቀህ ለ5 ሜትር ቧንቧ ፓምፑን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አሠራ። ማይክሮን ጌጅ (ጥልቅ ቫኪዩም የሚለካው) ካለ ከ500 ማይክሮን በታች መውረድ አለበት። ፓምፑን ዘግተህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፤ መርፌው ከተመለሰ ወይ ያፈሳል ወይ እርጥበት አለ።

አዳማ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ነገር ይሄ ነው፦ ተራው የግፊት ጌጅ ላይ 30 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚለውን መርፌው አይደርስበትም። እሱ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። እዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ 24 ተኩል አካባቢ ስለሆነ ፍጹም ባዶ የሆነ ቧንቧም ከ24 እስከ 25 ላይ ይቆማል። ፓምፑ ደከመ ብሎ መቀየር የለም፤ ድካሙን የሚናገረው ማይክሮን ጌጅ ነው።

ፋብሪካው የሞላው ጋዝ ብዙ ጊዜ ለ5 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር የሚጨመረው ግራም ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፣ በሚዛን ይጨመር። ከ3 ሜትር በታች አታሳጥረው፣ ድምፅና ንዝረት ያመጣል።

ባለ_ብሬከር

ስለ መብራቱ ላክልበት። ለኤሲው ከሰሌዳው ለብቻው የተሳበ መስመር ይኑረው፤ ከሶኬት ላይ መቀጠል የለም። ለ12 ሺህ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 16 አምፔር ሲ ዓይነት ብሬከር፣ ለ18 ሺህ 4 ካሬና 20 አምፔር። ግቢው ውስጥ ኧርዝ ከሌለ ይቀበር።

ማታ መስመሩ ላይ ቮልቴጁን በመለኪያ እይ። ከ190 ቮልት በላይ ከሆነ አብዛኛው ኢንቨርተር ይሸከመዋል፤ ፕሌቱን ግን አንብብ። ከዚያ በታች ከወረደ ለ12 ሺህ ኢንቨርተር 3 ኪሎ ቮልት አምፔር ስታብላይዘር ያስፈልጋል። ኢንቨርተር ላልሆነው 18 ሺህ 5 እንኳ ሲነሳ ይጨነቃል። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ቮልቴጅ ጠባቂ ብቻ ይበቃል፣ መብራት ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገየውን ምረጥ። ጉዳት የሚያደርሰው መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው።

አንድ ነገር፦ ከኢንዶር (ከውስጡ ማሽን) ወደ አውትዶር የሚሄደው ሽቦ ላይ ላይንና ኒውትራሉ ከተገላበጠ ብዙ ኢንቨርተሮች የኮሙኒኬሽን ኢረር ይሰጣሉ። የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ ካርድ ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ለማስገዛት የሚቸኩል አይጠፋም። መጀመሪያ ሽቦውን ያገላብጥ።

ውሃ_ማራገቢያ

በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ለምን ማንም አላነሳም? በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ መብራት የሚበላው እንደ ማራገቢያ ነው።

ቀዝቃዛ_ጎን

በደረቁ ወር ይሠራል፣ አልክድም። ግን መስኮት ከፍተህ ነው የምትጠቀመው፣ አቧራውም አብሮ ይገባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ክፍሉን ማርጠብ ብቻ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እሱንም አስብ።

በጋ_ሰለቸኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 12 ሺሁን ኢንቨርተር ከነኮርኒሱ ሥራ ልይዝ ነው። አውትዶሩን ብሎኬቱ ላይ ለመስቀል ፊሸር ይይዘዋል? የቱ በኩል ይሁን? አከራያችን ደግሞ ለጓሮው ጭቃ ቤት እየጠየቁ ነው።

ፍሌር_ነት

ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር እዚያው ይሽከረከራል፤ 30 ኪሎ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ አይሰቀልበትም። ወይ ኮለኑ ላይ አሰር፣ ወይ ግድግዳውን ወዲያ ማዶ የሚያልፍ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ክር ብረት ከጀርባው በላሜራ አሳስር። ከብራኬቱ ስር ጎማ ይግባ። ለጋሼ ጭቃ ቤት ግን አውትዶሩ መሬት ላይ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የሲሚንቶ መደብ ላይ ይቀመጥ። ኢንዶሩ ቀላል ቢሆንም ፕሌቱ ምርጉ ላይ ሳይሆን ማገሩን ወይም ቋሚውን በያዘ ሳንቃ ላይ ይመታ።

ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊቱ አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ይሁን። ጥላ ጥሩ ነው፣ በቆርቆሮ አጥሮ መዝጋት ግን የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ያስተነፍሰዋል። ፊቱንም ነፋሱ ወደሚመጣበት አታዙረው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያ ሁሉ የነፋስ ተርባይን ያለ ምክንያት አልተተከለም። ማራገቢያው ነፋስ ሲገፋ ይውላል፣ ክንፎቹም በአቧራ ይደፈናሉ። በበጋ የኢንዶሩን ፊልተር በየሁለት ሳምንቱ እጠብ።

የግድግዳው ቀዳዳ 65 ሚሊ ሜትር ሆኖ የውጭው አፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የውሃ መውረጃው ጎማ የትም ቦታ ሆድ እንዳይሠራ፣ ጫፉም ባልዲ ውስጥ እንዳይነከር። ገጣሚው ሽፋኑን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ሊትር ውሃ ኢንዶሩ ሳህን ላይ አፍስስና ውጭ ሲንጠባጠብ እይ። ከዚያ 15 ደቂቃ አሠርተህ በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት መኖሩን በቴርሞሜትር ለካ። ቀሪውን የእጅ ዋጋ ያኔ ስጠው።