ጥር 22 ሐዋሳ፣ በአሮጌ ቪትዝ፦ ምክር ፈልጌ ነበር

ጎማ ተራ (ጥር 9)፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥር 22 ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 10 ዓመት ይሞላናል። ያኔ ጫጉላችን ሐዋሳ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ታስቦ ቀረ። የሠርጉ ዕዳ ከሙሽሮቹ ቀድሞ ቤት ገባ። እኔም በአራተኛው ቀን መርካቶ ተመልሼ ጎማ መሸጥ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ ሐይቅ በታየ ቁጥር ባለቤቴ «ይሄ ሐዋሳ ነው?» ትላለች። ጣና ይሁን ባቦጋያ ለውጥ የለውም፣ «ይሄ ሐዋሳ ነው?» መልስም አትጠብቅም። ጠይቃ ወደ ማዕድ ቤት ትገባለች።

ዘንድሮ ልወስዳት ነው። አልነገርኳትም። የሚያውቁት አማቴ ብቻ ናቸው፣ ልጆቹን የሚይዙልን እሳቸው ስለሆኑ። ዓርብ ከሰዓት ወጥተን እሑድ ማታ እንመለሳለን። የያዝኩት 30 ሺህ ብር ነው። ቤንዚኑም አልጋውም ምግቡም ከዚሁ ነው።

ጥያቄዬ፦ ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ሪዞርቶች በአንዱ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል ወይስ ሁለቱንም ሌሊት ከተማ ውስጥ ደህና ፔንሲዮን? «ቪትዟ ትችለዋለች ወይ?» እንዳትሉኝ፣ ጎማዎቿን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። የማላውቀው መንገዱን ነው። ደግሞ ቀኑ ዓርብ ላይ ዋለ። ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብን አጥብቃ ትጾማለች። ዓሣ አገር ወስጄ ምን ላብላት?

የታቦር ልጅ፦

እንኳን አደረሳችሁ ወንድሜ። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሐይቁን ለማየት ሪዞርት ማደር አያስፈልግህም። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ለሁሉም ክፍት ነው። ስሙ ደግሞ ለእናንተ የወጣ ይመስላል። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከውኃው ማዶ ነው። 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታ ያዙ። ከተማ ውስጥ ደህና አልጋ ይዘህ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ኃይሌ ሪዞርት ካሉት በአንዱ ገብታችሁ ማኪያቶ ጠጡ። ሐይቁ ያው አንድ ሐይቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ድረሱ። አጥማጆቹ መረብ ይዘው የሚመለሱት ያኔ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣውን ሆድ ዕቃ እየጠበቁ፣ እንደ ተጠሩ ሽማግሌዎች ዝም ብለው ቆመው ታገኛቸዋለህ። ቁመታቸው ልጅ ያክላል። ባለቤትህ ከፈራች አትሳቅባት። እኔም እስካሁን እፈራቸዋለሁ። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ እዚያው ትኩሱን ይሠራል፣ ሾርባውን ደግሞ እንዳታልፉት። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ። አንተ ግን መኪና ነጂ ነህ፣ ሆድህን ጠብቅ።

ጀልባ በጠዋት ነው። ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋ ሳትስማማ አትሳፈር። ጉማሬ ካያችሁ ደግሞ ባለጀልባውን «ቅረብ ቅረብ» አትበለው። ለመዋኘት ከሆነ ሐሳባችሁ፣ በመንገዳችሁ ላንጋኖ አለላችሁ። እዚህ አይመከርም።

ጥር መሆኑ በጀህ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቢሆን ኖሮ ለገብርኤል የሚመጣው ሰው ከተማውን ስለሚሞላው አልጋ አታገኝም ነበር።

ባለ ዶልፊን፦

ዓርብ ከሰዓት አትውጣ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይመሽብሃል። እስከ ሞጆ፣ ከሞጆም እስከ ባቱ ድረስ የፍጥነት መንገዱን ያዝ። ጨዋታው እሱ ሲያልቅ ነው። አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ። አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ላይ ትቆማለህ። ከመሸ ደግሞ ከብት የኋላ መብራት የለውም። ሱቁን ዝጋና ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጣ። ስኮርታ (ትርፍ ጎማው) አየር እንዳለው እይ።

ጎማ ተራ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ለጎማ ነጋዴ ግን ስለ ስኮርታ አይነገርም።

የሦስት ልጆች እናት፦

ስለ መንገዱ አላውቅም። ሚስትህን ግን ንገራት። እኔን ባለቤቴ በ15ኛ ዓመታችን «ዳቦ ቤት ድረስ እንሂድ» ብሎ ላንጋኖ ወሰደኝ። በቤት ነጠላ ጫማ! ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ እግሬ ተቆርጧል፣ እኔ ነኝ ቁረጡት ያልኩት። ሴት ልጅ ሹሩባ ትሠራለች፣ ልብስ ታስተኩሳለች፣ ለጎረቤት ትናገራለች። ሦስተኛው ራሱ ግማሽ ደስታ ነው። እሱን አትቀማት።

ሀ/ማርያም፦

ዓሣ ጾም ነው እኮ። ዓርብ ይበሉ።

ድንግል በሥልጣኗ፦

ማን ነገረህ? ዓሣ ጾም አይደለም። የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ሀ/ማርያም፦

ጠይቄያለሁ።

ጎማ ተራ፦

እባካችሁ እዚህ አትጣሉ። ባለቤቴ ዓርብ ዓሣ አትበላም፣ ነገሩ ተዘግቷል።

የታቦር ልጅ፦

እንግዲያው ዓርብ በያይነቱ ብሉና ዓሣውን ለቅዳሜ አቆዩት። እሑድ የሲዳማ ቡርሳሜ አብላት። ቆጮው በቅቤ ስለሚሠራ ዓርብ አይሆንም። ሰኞ ነነዌ ይገባል፣ በደንብ ብሉ።

ጎማ ተራ (ጥር 26)፦

ሄደን መጣን። ለመከራችሁኝ ሁሉ ሪፖርት አለብኝ።

መጀመሪያ ለሦስት ልጆች እናት። ምክርዎን ሰምቼ ረቡዕ ማታ ነገርኳት። «ዓርብ ሐዋሳ እንሄዳለን» ስላት «እሺ» አለችና ቡናዋን ቀዳች። እሺ ብቻ! ለካ አማቴ በነገርኳቸው ዕለት ደውለው ነግረዋታል። ሹሩባውን ለሐሙስ ቀጠሮ ይዛለች፣ ጫማም ገዝታለች። እኔ ሳልነግራት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለሱቁ «ሐዋሳ መቼ ነው?» ያለኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ዓርብ 12 ሰዓት ላይ ወጣን። መቂ አካባቢ ሐብሐብ ገዛን። የባቱ ሐይቅ ከሩቅ ሲታይ «ይሄ ሐዋሳ ነው?» አለች። በ10 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሰጠኋት፣ «አይደለም፣ ገና ነን።»

አሁን ለባለ ዶልፊን። ይቅርታ አድርግልኝ። ከባቱ ትንሽ አለፍ እንዳልን የኋላ ግራ ጎማ ተነፈሰ። ምስማር ነው። የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ፣ ስኮርታ የለም። ከሁለት ወር በፊት አንድ ደንበኛ በዚያው ቁጥር ጎማ አጥቶ ሲለምነኝ አውጥቼ ሸጬለታለሁ፣ «ነገ እተካዋለሁ» ብዬ። ባለቤቴ ይህንን ሰምታ ምንም አልተናገረችም። ግራር ሥር ተቀምጣ ሐብሐቧን ቆረጠች። እኔ ጎማውን ታቅፌ በባጃጅ ወደ ጎሚስታ። ጎሚስታው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «አስተማሪ ነኝ» አልኩት።

8 ሰዓት ተኩል ሐዋሳ ገባን። ፔንሲዮን ነው የያዝነው፣ ሁለቱንም ሌሊት። ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውኃው ግን ጠዋት ብቻ ይመጣል። በያይነቱ በላንና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ወረድን። አንዲት ጦጣ የያዝነውን ሙዝ ከእጄ መንጭቃ ዛፍ ላይ ወጣች፣ ባለቤቴ በሣቅ ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ስትወርድ ግን ዝም አለች። ጠበቅኩ። አልጠየቀችም። በመጨረሻ እኔው «ይሄ ሐዋሳ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች።

የታቦር ልጅ፣ አሞራ ገደል ያልከው ሁሉ እውነት ነው። አባ ኮዳዎቹን እሷ አልፈራችም፣ እኔ ነኝ መኪና ውስጥ የገባሁት። ሾርባውን ሁለት ሁለት ጠጣን። ጀልባ ላይ ጉማሬ አላየንም፣ ባለጀልባው ግን «ያ ነው፣ ያ ነው» እያለ እንጨት አሳይቶናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታቦር ተራራ ወጣን። አዲሱ ጫማ ስለነበር ግማሽ ላይ ተመልሰናል። ቡርሳሜውን ራሷ ወደደችው፣ ለልጆቹም ልትወስድ ፈልጋ ነበር።

ከ30 ሺው ተርፏል። በተረፈው ስኮርታ ገዛሁ፣ ከራሴ ሱቅ፣ ያለ ቅናሽ። እሷ ነች እንዲህ ይሁን ያለችው።

ለሦስት ልጆች እናት አንድ ነገር ልጨምር። ጫማዋ በሁሉም ፎቶ ላይ ሙሉ በሙሉ አለ። ጭንቅላቷ ነው በአምስቱ ላይ የተቆረጠው። ያነሳሁት እኔ ነኝ።