ከግቢ ካፌ የሚተርፈውን ምግብ ለተቸገረ ሰው ለማድረስ ከየት እንጀምር? (ደሴ)

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምማረው፤ የግቢውን ስም ልተወው። ምሳ በልተን ስንወጣ ከካፌው ጓሮ እንጀራና ወጥ በበርሜል ሲደፋ እናያለን። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ጠዋት ያየናቸው ሰዎች እዚያው ቁጭ ብለዋል። ስድስት ሆነን ተማከርንና የተረፈውን ሰኞ ገበያ አካባቢ ላሉ ችግረኞች እናድርስ አልን። የካፌውን ኃላፊ ስንጠይቀው «ሰው ቢታመምስ ማን ይጠየቃል? እኔ የለሁበትም» አለን። መልስ አልነበረንም። ብር የለንም። ያለን ሁለት ባልዲና ባጃጅ የሚነዳ አንድ ዘመድ ነው። የሞከረ ካለ ይምከረን።

መልስ፦ የኮምቦልቻው ተመራቂ

አብሽሪ እህቴ። እኛ ሞክረነዋል፤ አንድ ሴሚስተር ሄዶ ቆመ። ስህተታችንን ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቀን የድስቱንም የሳህኑንም ቀላቅለን ወሰድን። አንድ ሽማግሌ እንጀራውን ገለጥ ሲያደርጉ የተነከሰ ቁራሽ አዩ። ምንም አላሉም። መልሰው ጠቀለሉና ሰጡን። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላ ከጭልፋ በቀር ምንም ያልነካውን ብቻ እንወስድ ጀመር። ከሳህን የተረፈው ለከብት ነው፤ ሰው ፊት አይቀርብም።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። ክረምት መጣና ግቢው ተዘጋ፤ እኛም ወደየቤታችን ሄድን። ሰዎቹ ግን ሐምሌም ይርባቸዋል። ስንመለስ ፊት ነሱን። ልክ ናቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን «ግቢ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው የምንመጣው» ብላችሁ ንገሯቸው። ወይም ለክረምቱ ድርቆሽ አስቀምጡ። የተረፈ እንጀራ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ከደረቀ ብዙ ወር ይቆያል። በማዳበሪያ ከረጢት ግን አታስቀምጡት።

መልስ፦ ጤና ጣቢያ የምሠራ

ኃላፊው የጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልስም አለው። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ጀርም ይራባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው እናንተ ስትረከቡ ሳይሆን ወጡ ከእሳት ሲወርድ ነው። ምሳ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ከተሰጠና ድስቱ እሳት ላይ ካልቆየ ጊዜያችሁ አብዛኛው አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹን «የሚተርፈውን ድስት ከእሳት አታውርዱብን» ብላችሁ ለምኑ። ካልሆነ መልሳችሁ እስኪንተከተክ አሙቁት፤ እስከ ውስጡ ቢያንስ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት። ይሄም ቢሆን ለሰዓታት ውጭ የዋለውን አያድነውም።

ሩዝን ከነጭራሹ ተዉት። ውጭ የዋለ ሩዝ የሚፈጥረው መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም። ዳቦና ደረቅ እንጀራ ግን ብዙ አያስፈራም። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ወር በዳቦና በእንጀራ ብቻ እጀምር ነበር።

ባልዲውስ የምን ነበር? የቀለም ከሆነ ጣሉት። ክዳን ያለው፣ ለምግብ የተሠራ ይሁን። ትኩስ ወጥ በፌስታል አትቅዱ።

መልስ፦ የወልድያዋ እናት

ልጆቼ፣ እግዜር ይባርካችሁ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። እኔ የምለው ስለ ሥጋ ነው። ወሎ ላይ ሰው አብሮ ዝክር ይበላል፣ አብሮ ሶደቃ ይበላል። ሥጋው ላይ ግን ቢላው ለየብቻ ነው። ሥጋ ያለበት ቀን ባልዲም ጭልፋም ሁለት ሁለት ይሁን፤ ሰው ሳይጠይቃችሁ በፊት የማን እንደሆነ ተናገሩ። ካልተለየላችሁ ሥጋውን ተዉት። ሽሮና ምስር ማንንም አያጣላም።

ገበያ መሃል ከመቆም ደግሞ ደረሳዎች ያሉበትን መስጊድና የቆሎ ተማሪ ያለበትን ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ። እነሱ የታመመውንም የሸመገለውንም ያውቃሉ። ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። እየበላ ያለ ሰው ፎቶ አይነሣም። «ቡሌ መጣ» የሚል ልጅም አብሯችሁ አይሂድ።

መልስ፦ አስተዳደር ቢሮ የሠራሁ

የእኔ ምክር ደረቅ ነው። መጀመሪያ ትራፊው የማን እንደሆነ አጣሩ። አንዳንድ ግቢ የምግብ ትርፍራፊውን ለከብት አርቢ በጨረታ ይሸጣል። ውል ካለ ኃላፊው ቢፈልግም ሊሰጣችሁ አይችልም፤ እናንተም በፍተሻ በር ላይ ትያዛላችሁ። ጥበቃዎቹ ባልዲ ሲወጣ ዝም አይሉም።

ሁለተኛ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለተማሪዎች ዲን ጻፉ። ማን ይረከባል፣ በስንት ሰዓት፣ የት ይደርሳል፣ ምን አይወሰድም። በተማሪዎች ህብረት በኩል ቢሄድ ይፈጥናል።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ይህንኑ ጀመሩ፤ ፉድ ሪከቨሪ ኔትወርክ ይባላል። እነሱን ግን በ1996 የወጣ ሕግ ያግዛቸዋል፤ ምግብ በቅን ልቦና የሰጠ ሰው ከባድ ቸልተኝነት ካልፈጸመ በቀር አይጠየቅም። የእናንተን ኃላፊ የአሜሪካ ሕግ አያድነውም። ፈራ ብላችሁ አትፍረዱበት፤ የሚይዘው ወረቀት ስጡት።

የኮምቦልቻው ተመራቂ፦

ወንድሜ፣ በደብዳቤ ከጀመሩ እስኪመረቁ ይጠብቃሉ። እኛ ከወጥ ቤት እናቶች ጋር ተግባብተን ነው የጀመርነው።

አስተዳደር ቢሮ የሠራሁ፦

አንድ ሴሚስተር ብቻ የሄደውም ለዚያ ይሆናል።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱንም አደረግን። ደብዳቤውን ዲኑ ጋ አስገባን፤ ወጥ ቤት ያሉ እናቶችን ደግሞ ሽንኩርት እየላጥን ተዋወቅናቸው። ጨረታ የለም ተባለ። ኃላፊው ለጊዜው ዳቦና እንጀራ ብቻ ፈቀደ፤ በየቀኑ ቆጥረን እንፈርማለን። ረቡዕና አርብ ብዙ ይተርፋል፤ የሚጾሙት እስከ 9 ሰዓት ስለማይበሉ መሰለኝ። የቀለሙን ባልዲ ጣልነው (አዎ፣ የቀለም ነበር)።

እማማ፣ እርስዎ እንዳሉት ደረሳዎቹ ጋ ሄድን። እነሱ ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉ ሁለት አሮጊቶች ቤት ወሰዱን። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጥርስ የሌላቸው ናቸው፤ ደረቅ ዳቦ አይሆንላቸውም። ምን እናድርግላቸው?

የወልድያዋ እናት፦

ድርቆሹን በፈላ ውሃና በትንሽ በርበሬ አፍልታችሁ ፍርፍር አድርጉት፤ በደንብ ይራስ። ምድጃ ከሌላቸው ጎረቤት ለምኑ። ውሃ አፍልቶ መስጠት የሚከለክል ጎረቤት አይጠፋም ልጄ፣ ግን ሁለተኛው በር ላይ አንኳኩ።