የኔፓል ኩክሪ፦ ለእኛ ሥራ የሚስማማው ቅርጽና ክብደት የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የአዘዞው

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ በደቡብ ሱዳን በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ ሳለ ከአንድ ኔፓላዊ ወታደር በስጦታ ያገኘውን ኩክሪ የሚባል ጎባጣ ትልቅ ቢላ ይዞልኝ ጎንደር ከመጣ ዓመት አልፎታል። ርዝመቱ ከነእጀታው 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቅዳሜ ገበያ በአንድ በርበሬ ነጋዴ ሚዛን ሳስመዝነው 440 ግራም ሆነ። ቀጠን ያለ ነው፤ መሐል ላይ ጎበጥ ብሎ ወደ ፊት ያዘነብላል።

የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስመለምልበት ክንዴን ሳያደክም እንደ ልብ ይሠራልኛል። ለፋሲካ ቅርጫ የበሬ ቅልጥም ልሰብርበት ባልኩ ጊዜ ግን ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ ያለው ስለት ታጠፈ፤ ስጦታ በመሆኑም በጣም አዘንኩ። አሁን ከባሌስትራ ከበድ ያለ ሌላ ኩክሪ ለማሠራት አስቤያለሁና፣ ቅርጾቹ በምን እንደሚለያዩና ስንት ግራም ቢሆን እንደሚሻል ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። በሰገባው ጀርባ ከተሻጡት ሁለት ትንንሽ ቢላዎች አንደኛዋ ስለት የላትም፤ በሞረድ ልሳላት? እናቴ ደግሞ «ደም ካልቀመሰ ወደ ሰገባው አይመለስም» የሚለውን ወሬ ሰምተው ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ አልወደዱም።

መልስ፦ ሰንበሌጥ

ወንድሜ፣ በገለጻዎ መሠረት በእጅዎ ያለው ሲሩፓቴ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ሲሩ ከተባለ ሣር ቅጠል ሲሆን፣ ቅጠሉ እንደ እኛ ሰንበሌጥ ቀጭንና ረጅም ነው። ሆዱ (ከጉብጠቱ ወደ ጫፉ ያለው የብረቱ ክፍል) ስለማይሰፋ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ለምልመላና ለሥጋ ይመቻል። ከእርሱ በተቃራኒ የሚቆመው በምሥራቅ ኔፓል በምትገኘው በቦጅፑር ስም የሚጠራው ቦጅፑሬ ነው። የቦጅፑሬ ሆድ ሰፊ፣ ጀርባውም ወፍራም ስለሆነ፣ ከእርስዎ ጋር እኩል ርዝመት ያለው እንኳ 600 ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ ማገዶ ለመፍለጥ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

በሁለቱ መካከል አንግ ኾላ የሚሉት አሠራር አለ። ሠሪው ጀርባውን ወፍራም አድርጎ ይተወውና ከሥሩ ያለውን ገጽ በመዶሻ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ በዚህም የጀርባው ጥንካሬ ሳይጓደል ክብደቱ ይቀንሳል። ቺራ የሚባለው ደግሞ በገጹ ላይ ጎን ለጎን ቦዮች ያሉት ነው።

ስለት የሌላትን ቢላ ግን እባክዎን በሞረድ አይንኳት። ቻክማክ ትባላለች፤ የተሠራችው የኩክሪውን ስለት ለማቃናትና በባልጩት ላይ ተመትታ እሳት ለመጫር ነው። ጓደኛዋ ካርዳ ናት፤ እርሷ ለጥቃቅን ሥራ የምትሆን ቢላዋ ነች። የታጠፈውን ስለትዎን በቻክማክ ደጋግመው ቢያሹት ሳይመለስ አይቀርም። ለእናትዎም ኩክሪ በኔፓል ሽንኩርት ሳይቀር የሚከተፍበት የቤት ዕቃ መሆኑን ይንገሩልኝ፤ የደሙ ነገር ተረት ነው።

መልስ፦ የቀጥቃጭ ልጅ

ከላይ የተሰጠው መልስ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የግራሙን ቁጥር ብቻ ይዘው ወደ አንጥረኛ እንዳይሄዱ እለምንዎታለሁ። እኔ ያደግሁት በአባቴ ወናፍ ሥር ነው። 700 ግራም የሚመዝን ብረት ክብደቱ ከእጀታው አጠገብ ከተከማቸ፣ ሆዱ ላይ ከከበደ 550 ግራም ያነሰ ይቆርጣል። ኩክሪው የሚያዘነብለው ክብደቱ ከእጅ ርቆ ሆዱ ላይ እንዲያርፍ ነው፤ በተጨማሪም ክንድ ቀጥ ብሎ ቢወርድ እንኳ ስለቱ እንጨቱን በሰያፍ ስለሚያገኘው፣ እንደ መምታትም እንደ መሳብም ሆኖ ይቆርጣል። ማጭድም ስለቱ በውስጥ በኩል ነው፤ ነገር ግን ማጭድ ይስባል እንጂ አይመታም፣ ስለዚህ የማጭድ ቅርጽ አሳይተው እንዳያሠሩ።

ስለቱ ለምን እንደታጠፈ ልንገርዎ። የኔፓል ቀጥቃጮች የጋለውን ብረት በሙሉ ውኃ ውስጥ አይነክሩትም፤ በማንቆርቆሪያ ውኃ በስለቱ ላይ ብቻ ያፈሳሉ። ስለዚህ የሆዱ ስለት ይደነድናል፣ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ምቱን ይሸከማል፣ ጫፉና ከእጀታው ሥር ያለው ክፍልም ከሆዱ ይልቅ ይለዝባል። ሞረድ በቀስታ ቢያስነኩት ሆዱ ላይ ይንሸራተታል፣ ጫፉ አጠገብ ግን ይነክሳል። ቅልጥሙን የመቱት በለስላሳው በኩል ነው፤ ኩክሪው ጥፋት የለበትም።

ባሌስትራ መምረጥዎ ትክክል ነው፤ ኔፓሎችም በብዛት የሚሠሩት ከመኪና ባሌስትራ ነው። አንጥረኛዎ ግን እንደ አባቴ ሙሉውን የሚነክር ከሆነ፣ ቀድመው ይነጋገሩ፤ ሙሉ በሙሉ የደነደነ ባሌስትራ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ይሰነጠቃል። ቅልጥሙን በተመለከተ፣ በእኔ ግምት ለእርሱ የተሠራው ፋስ ነው፤ ቦጅፑሬም ቢሆን ለጎድንና ለአንገት አጥንት ይበቃል እንጂ ከዚያ አይለፍ።

የአዘዞው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞረዱን እንደ ተባልኩት ሞከርኩት፤ በእርግጥም ሆዱ ላይ ተንሸራተተ፣ የታጠፈው ቦታ ላይ ነከሰ። የታጠፈውንም በቻክማክ ሩብ ሰዓት ያህል ባሸው አብዛኛው ተቃንቷል፤ በጥፍሬ ስዳስሰው የሚሰማኝ አንዲት ትንሽ ስንጥቅ ብቻ ናት። ቅርጹን ከጣውላ ጠርቤ፣ ሆዱን በሁለት ጣት አስፍቼ፣ ጀርባው ላይ 8 ሚሊ ሜትር ብዬ ጽፌበታለሁ። ሐሙስ ወደ አንጥረኛው ስሄድ ማንቆርቆሪያውን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ።