በርሊን ለሚገባው ልጅ፣ ከለገጣፎ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ልጅ «በመስከረም ለአውስቢልዱንግ (ለሙያ ሥልጠና) በርሊን እገባለሁ፣ እዚያ ማንንም አላውቅም፣ ብቸኝነቱን እንዴት ቻላችሁት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሶቹን በሙሉ አነበብኩ። ቤተ ክርስቲያን ሂድ፣ ዕድር ግባ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤት አትጥፋ። ሁሉም ልክ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ማንም ያልጠቀሰውን አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ፣ እንዳትስቅ፦ አንድ ቅዳሜ ብቻህን ሄደህ ጄፍ ሚልስ የሚባለውን የአሜሪካ፣ የዲትሮይት ከተማ ዲጄ ቴክኖ (በማሽን የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ) ሲጫወት እይ።

የምጽፍልህ ከለገጣፎ፣ ከእናቴ ቤት ሆኜ ነው። ለስድስት ሳምንት የመጣሁት አጥሩን ላስጨርስ ነበር። ሳምንቱ እያለቀ ነው፣ አጥሩ ግን እዚያው ነው። መብራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ውሾቹ ይጮኻሉ፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ ረዘም ቢልብህ ታገሰኝ።

በርሊን የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ሃይም (የስደተኞች ማረፊያ) ውስጥ፣ አራት ሆነን በአንድ ክፍል ነው። በኋላ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ቅዳሜ ማታ ሐበሾች ስንሰባሰብ ወሬው ያው ነው። ወረቀትህ ወጣ? ጠበቃው ምን አለህ? እነ እንትና መልስ መጣላቸው? ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ማናችንም ሌላ ወሬ አልነበረንም። ብቻ ወደ ክፍሌ ስመለስ ከመሄዴ በፊት ከነበረው ይብስብኝ ነበር።

አብሮኝ የሚያጥብ አንድ ፖላንዳዊ ነበር። አንድ ቅዳሜ «ዛሬ የዲትሮይቱ ሰው ይጫወታል፣ ካልሄድን» ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ቀረ። እኔ ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ልመለስ አልኩና ተውኩት።

ቤቱ ትሬዞር ይባላል፣ በጀርመንኛ ካዝና ማለት ነው፤ ስሙ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርህ።) የበርሊን ግንብ በ1989 ከፈረሰ በኋላ ምሥራቅ በርሊን ባዶ ሕንፃ ሞልቷት ነበር፣ አንዳንድ ልጆች ከአንድ የድሮ ትልቅ መደብር ሥር የካዝና ክፍል አግኝተው በ1991 ጭፈራ ቤት አደረጉት። ያ ቦታ ተዘግቷል። ከ2007 ወዲህ ያለው አንድ አሮጌ የኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው፣ በ8 ቁጥር ኡ-ባን (የምድር ውስጥ ባቡር) ሄደህ ሃይንሪሽ ሃይነ ሽትራሰ ትወርዳለህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቴክኖ የነጭ ጩኸት ይመስለኝ ነበር። መኪና ዱም ዱም እያለ ሲያልፍ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት በሽታ ነው» የምል ሰው ነበርኩ። ገብቼ ባይ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያንቀጠቅጠው አንድ ቀጭን፣ ሸሚዙ ተተኩሶ የተለበሰ ጥቁር ሰውዬ ነው። እጁን አያወናጭፍ፣ አይጮህ፣ ሂሳብ የሚዘጋ ሰው ነው የሚመስለው። በኋላ ነው ያነበብኩት። ሚልስ በ1963 ዲትሮይት ነው የተወለደው፣ በወጣትነቱ እዚያው ሬዲዮ ላይ «ዊዛርድ» በሚል ስም ሙዚቃ ያዋህድ ነበር። ቴክኖን የጀመሩት ደግሞ ሦስት ጥቁር ልጆች ናቸው ይባላል፤ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቨን ሳንደርሰን። የተዋወቁት ዲትሮይት መሃል አይደለም፣ ቤልቪል የምትባል ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ነው። የዳር ልጆች ናቸው ማለት ነው። በነሱ አገር ለገጣፎ በላት።

ያን ሌሊት ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም። ያየሁት እጁን ነው። ከሸክላዎቹ አጠገብ ሮላንድ ቲአር-909 የሚባል በ1983 የወጣ የጃፓን የከበሮ ማሽን ነበር። ከታች በኩል 16 ቁልፎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ በምቱ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፣ ስትነካው ቀይ መብራት ይበራል፣ ዙሩ እዚያ ሲደርስ ይመታል። ሰውዬው ሸክላዎቹን አስቆመና ያቺን ማሽን ብቻ ይዞ ቀረ። ወፍራሙን ከበሮ ነጠቀን። ጸናጽል የምትመስለውን ቀጭን ድምፅ ብቻ ተወልን። በሌባ ጣቱ አንድ ቁልፍ ነካ። ቆየ። ሌላ ነካ። ቲማቲም የምትመርጥ እናት እንደምትነካው፣ ቀለል አድርጎ። ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከበሮውን ሲመልሰው ወለሉ በጫማዬ በኩል ወደ ጉልበቴ ወጣ።

ያኔ አያቴ ትዝ አሉኝ። በበዓል ዋዜማ ማኅሌት ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ በድምፅ ብቻ፣ ከዚያ በመቋሚያ፣ ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባና ወደ ንጋት ይፈጥናል። እንቅልፍ ጥሎኝ የምነቃው ከበሮው ሲፈጥን ነው። አንዱን ምት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ መቆም ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? አጠገቤ የነበሩት ልጆች ለመቆም ክኒን ይውጡ ነበር። እኔ በባዶ ሆድ ቆሜ ነው ያደግኩት። (ክኒኑን ማንም ቢሰጥህ እንዳትቀበል፣ ውኃህንም ከእጅህ አትለይ።)

እስኪነጋ ወረቀትህ ወጣ ወይ ያለኝ ሰው የለም። ከየት ነህ ያለችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። አዲስ አበባ ስላት «ሙላቱ አስታጥቄ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ጓደኛዬ ነበረች፣ የቤት ኪራይ ውሌን ቃል በቃል ያነበበችልኝ እሷ ናት።

ሌላው ቀላል ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት (በነሱ እኩለ ሌሊት) በፊት አትሂድ፣ በር ላይ አትሰባሰቡ፣ ዘበኛው ማን እንደሚጫወት ቢጠይቅህ ስሙን እወቅ። የስልክህን ካሜራ ስቲከር ሊለጥፉበት ይችላሉ፣ አትከራከር። ጥሬ ብር ያዝ። የጆሮ መድፈኛ ግዛ፣ ኦሮፓክስ ይሉታል።

ዛሬ ማታ በሻማ ለእናቴ የሚልስን ቪዲዮ አሳየኋት።
«ሰውዬው ምን ብሎ ይዘፍናል?»
«አይዘፍንም እማ፣ ከበሮ ነው በማሽን የሚመታው።»
«ስንት ሰዓት?»
«ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል።»
«ቆሞ?»
«ቆሞ።»
«ስልሳ ዓመት አልፎታል አላልከኝም? ምነው፣ የሚያሳርፈው ልጅ የለውም?»

—

ከዋሽንግተን፦ ጋሼ፣ ሁሉም ደህና፣ ግን ጭፈራ ቤትን ከማኅሌት ጋር ማስተያየት ደስ አይልም። ልጁ ገና አልሄደም፣ ለምን መንገድ ታሳየዋለህ?

ከለገጣፎ፦ እህቴ፣ እኩል ናቸው አላልኩም። እግሬ ያስታወሰውን ነው የጻፍኩት። ልጁ ደግሞ በርሊን ነው የሚሄደው፤ እዚያ ቴክኖው በ2024 የአገሪቱ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፣ እኔ ባልነግረውም በሳምንቱ ያገኘዋል። ሳይዘጋጅ ከሚያገኘው ብዬ ነው።

ጠያቂው ልጅ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። ዳንስ ግን አልችልም። ዝም ብዬ ብቆም ያዩኛል?

ከለገጣፎ፦ ማንም አያይህም፣ ጨለማ ነው። እኔም እስካሁን አልችልም፣ ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ ጭንቅላቴን ነው የምነቀንቀው። ጫማህ ብቻ የለመድከው ይሁን። የጆሮ መድፈኛውን ደግሞ ተጠቅመህ ጣለው፤ የኔ ጃኬት ኪስ ውስጥ ቀርቶ እናቴ ልታጥብ ስትል አገኘችውና መድኃኒት መስሏት ከታይሌኖሉ ጋር አስቀምጣልኛለች።