መኪና የማይረብሽበት የፈረንሳይ ገጠር፦ ለብስክሌት ወዳጆች ጥቆማ

ሰሞኑን ፍራንክፈርት የምትኖር እህቴ ደወለችልኝ። «የ10 ዓመት ልጄን ይዤ ፈረንሳይ ገጠር ብስክሌት መንዳት አምሮኛል። ግን መኪና እፈራለሁ። የት ልሂድ?» አለችኝ። ከሷ በፊት ጄኔቭ ያለ አንድ ወዳጄም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። እሱ የኮርስ ብስክሌት አለው፤ በቀን 100 ኪሎ ሜትር አይከብደውም። ሁለቱም የሚፈልጉት ፀጥ ያለ መንገድ ነው፤ መልሴ ግን ለየቅል ነው። ሊዮን መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ቅዳሜና እሁዴም የሚያልፈው እነዚህ መንገዶች ላይ ነው። ለሁለቱም ያልኩትን እዚህ ላስፍረው።

እህቴን ቡርጎኝ ሂጂ አልኳት። ፈረንሳዮች «ቯ ቬርት» የሚሉት አለ፤ አረንጓዴ መንገድ ማለት ነው። መኪናም ሞተር ሳይክልም አይገባበትም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ቯ ቬርት እ.ኤ.አ. በ1997 በዢቭሪና በክሉኒ መካከል የተከፈተው ነው። 44 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልት ነው። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ከሞላ ጎደል ለጥ ያለ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ሳትማረር ትነዳዋለች። ግራና ቀኝ ወይን አለ፤ አለፍ ሲል ነጫጭ የሻሮሌ ላሞች አጥሩ ሥር ተኝተው ያመነዥካሉ። መሃል መሃል ላይ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ታገኛላችሁ። እዚያ ስደርስ ሁሌ አዲስ አበባ ትዝ ትለኛለች። «ለገሃር» የምንለው ቃል «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የጅቡቲን መስመር የዘረጉልን እነሱ አይደሉ?

ክሉኒ ላይ አንድ ቀን እደሩ። እ.ኤ.አ. በ910 የተመሠረተው ገዳም ፍርስራሹ ብቻ ቢቀርም ዓይን ይሞላል። ከዚያ ወደ ማኮን የሚወስደው ቀጣይ መንገድ ቧ ክሌር በሚባል ዋሻ ያልፋል፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ባለፈው ሐምሌ ውጪ ሙቀቱ ሸሚዜን ጀርባዬ ላይ አጣብቆት ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ እንደ ፍሪጅ በር የተከፈተ ያህል ብርድ ተቀበለኝ። ውስጥ የሚሰማው የጎማ ድምፅና የውኃ ጠብታ ብቻ ነው። ጃኬትና መብራት በእጃችሁ ይሁን። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በፈረንጆቹ የብርድ ወራት የሌሊት ወፎች ስለሚያርፉበት ዋሻው ይዘጋል። ያኔ በኮረብታው አናት መዞር ነው፤ ለልጅ ደግሞ ይከብዳል።

ብዙ ሰው ካናል ዱ ሚዲን ይጠቁማል። ታሪኩን አልነካም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈረ፣ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን 240 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ ድንቅ ሥራ ነው። ብስክሌት ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ጥሩ የሚባለው ከቱሉዝ መውጫ ጀምሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህሉ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙው ኮረኮንች ነው፤ የዛፍ ሥር እየወጣ ያንገጫግጫል። ቀጭን ጎማ ያለው ሰው ይሰቃያል። የኔ ምርጫ ወዲያ ማዶ ያለው ነው፦ ከቱሉዝ ወደ ቦርዶ አቅጣጫ የሚሄደው ካናል ደ ጋሮን። 190 ኪሎ ሜትር ገደማው የተነጠፈ ነው፤ የሚመጣውም ሰው ያነሰ ነው።

ሎዋር ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው «ላ ሎዋር አ ቬሎ» 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቆንጆ ነው፤ ምልክቱም አያሳስትም። ሆኖም ሁሉም ከመኪና ነፃ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ከመንደር መንገድ ጋር ይጋራል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሰው ይበዛበታል። ሮን ወንዝን ተከትሎ ወደ ባሕር የሚወርደውን «ቪያሮና»ን የምትመርጡ ከሰሜን ወደ ደቡብ ንዱ። ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ከላይ ነው የሚመጣው፤ ፊት ለፊት ከገጠማችሁ ቀኑን ሙሉ ስትታገሉ ትውላላችሁ።

አሁን ወደ ጄኔቩ ወዳጄ ልምጣ። ለእሱ ቯ ቬርት አልጠቆምኩም። ልጆችና ውሾች ባሉበት መንገድ በፍጥነት መንዳት ነውር ነው። እሱ የሚያስፈልገው መኪና እንዲያልፍበት የተፈቀደ፣ ግን እምብዛም የማይመጣበት አስፋልት ነው። ፈረንሳይ ይህን የመሰለ መንገድ ሞልቷታል፤ እውነተኛው ፀጥታ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍለጋው የሚጀምረው ከሚሽላን የወረቀት ካርታ ነው። ቀይ መንገድ ተዉት። ቢጫው እንደ ሁኔታው ነው። ነጩ የእናንተ ነው። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር ካለ መልክዓ ምድሩ ያማረ ነው ማለት ነው። ትንንሽ የቀስት ጫፎች ዳገት ያሳያሉ፦ አንድ ከሆነ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከሆነ እስከ 13፣ ሦስት ከሆነ ከዚያ በላይ። ከስልክ አፕ ውስጥ ኮሙት ለዳገትና ለርቀት ይጠቅመኛል። ስትራቫ የሚባለው አፕ «ሂትማፕ» የሚለው ካርታ ብዙ ሰው የነዳበትን ያሳያል፤ ብዙ ሰው የነዳበት ሁሉ ግን ፀጥተኛ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ነጩን መስመር አያለሁ፤ ስልኬ ላይ የምጭነው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የተማርኩት በመከራ ነው። አንዴ አንድ የመንገድ ማሳያ አፕ ከሻሎን ወደ ማኮን «ዴ 906» ላይ ወሰደኝ። «ዴ» የሚል ፊደል ያለው መንገድ የአውራጃ ስለሆነ ትንሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይሄ የድሮው ብሔራዊ መንገድ 6 ነው፤ ስሙ ተቀየረ እንጂ ካሚዮኑ አልቀረም። አንድ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ መሪዬን ሊነጥቀኝ ይደርስ ነበር። ከመንደር ውጪ ብስክሌት የሚቀድም መኪና 1.5 ሜትር እንዲርቅ ሕጉ ያዛል። ያን ቀን ግን ያከበሩት ጥቂቶች ናቸው። በመጀመሪያው መታጠፊያ ወጣሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ የሚሰማኝ ወፍና የራሴ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እንግዲህ 600ና 900 ቤት ያለ ቁጥር ስታዩ ካርታችሁን ደግማችሁ ተመልከቱ።

የት? ክሬዝ። መካከለኛው ፈረንሳይ ነው፤ ከፓሪስ ወደ ሊሞዥ በሚሄደው ባቡር ላ ሱተሬን ላይ ትወርዳላችሁ። ኮረብታው ዝቅ ከፍ ይላል፤ ጫካው ጥላ ነው። ወደ ቫሲቪዬር ሐይቅ ስትወጡ ግማሽ ሰዓት አንድ መኪና ሳታዩ ልትነዱ ትችላላችሁ። ከዚያ የባሰ ብቸኝነት ለሚፈልግ ሎዜር አለ። በሕዝብ ብዛት የአገሪቱ የመጨረሻ አውራጃ ነው፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 15 ሰው ገደማ ነው የሚኖረው። ዳገቱ ግን ምሕረት የለውም። ተራራ ለሚወዱ ደግሞ የኦት ዛልፕ አውራጃ በፈረንጆቹ የሙቀት ወራት በተወሰኑ ቀናት ጠዋት ጠዋት ታላላቅ የተራራ መተላለፊያዎችን ለመኪና ይዘጋል። 2,360 ሜትር ከፍታ ያለው ኢዝዋር አንዱ ነው። ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሰው በሌለበት አገር ሱቅም የለም። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ያለውም ይዘጋል። ሰኞ ዳቦ ቤቱም ሊዘጋ ይችላል። ውኃ ሲያልቅባችሁ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ፤ አበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው። እኛ ያደግንበት ልማድ ስለሚይዘኝ መጀመሪያ ከበር መልስ ብዬ ነበር። አንዲት መቃብር የሚያጸዱ እናት አዩኝና ጠርሙሴን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሞሉልኝ። በላዩም የበሰለ ፕሪም ከመሶብ መሳይ ቅርጫታቸው ሰጡኝ። ቧንቧው ላይ «ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይጠጣም። ስትገቡም ስትወጡም «ቦንዡር» በሉ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ለነጭ መንገድ 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ጎማ እመርጣለሁ። ሽዋልበ ማራቶን ከባድ ነው፤ ግን እሾህ አይፈራም፤ ጓዝ ለጫነ ይሁን። ኮንቲኔንታል ግራን ፕሪ 5000 ቀላልና ፈጣን ነው፤ ኮረኮንች ላይ ግን ያሳሳል። የትኛውንም ብትይዙ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪና ፖምፓ ያዙ፤ ገጠር ውስጥ ጎሚስታ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ማደሪያ ስትይዙ «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ፈልጉ። ከብስክሌት መስመር ከ5 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ያሉ ቤቶች ናቸው፤ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ አላቸው። ገንዘብ ለሚቆጥብ የማዘጋጃ ቤት ካምፒንግ ይሻላል። ባቡርን በተመለከተ፣ በክልል ባቡሮች ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይገባል። ፈጣኑ ቴዤቬ ላይ ሳይታጠፍ ለማስገባት ግን አስቀድሞ ቦታ መያዝና መክፈል ያስፈልጋል።

እህቴ በሰኔ ልትሄድ ወስናለች። ማኮን ወርዳ፣ ዋሻውን አልፋ፣ ክሉኒ አድራ፣ ሻሎን ላይ ባቡር ትይዛለች። ለልጅቷ የራስ ቁር እንዳትረሺ ብያታለሁ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግዴታ ነው።