ሐዘንተኛን «አታልቅሺ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት ማጽናናት ነው?

ጠያቂዋ፣ ከአዲስ አበባ፦
ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ በመኪና አደጋ ሞተ። ገና ወጣት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ድምፅ ባወጣች ቁጥር አንዱ ይነሳና «በቃ፣ በቃ፣ እግዜርን አታስቀይሚ» ይላታል። ሌላዋ ትቀጥልና «የሱ ፈቃድ ነው፣ አልቅሰሽ አትመልሽው» ትላታለች። በመጨረሻ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ድምጿ እንዳይሰማ ነው።

ሁሉም በፍቅር እንደተናገሩ አውቃለሁ። እኔም አማኝ ነኝ፤ በክፉ ቀን ያቆመኝ እምነቴ ነው። ግን ይህን አባባል በለቅሶ ቤት ብንተወው እላለሁ። የሚያጽናና ሳይሆን አፍ የሚዘጋ ሆኖብኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ልጅ የቀበረ አባት፣ ከአዳማ፦
እህቴ፣ አልስማማም። ሴት ልጄን ስቀብር እኔን ያቆመኝ ይኸው ቃል ነው። ሌላ ብዙ ነገር ተብሏል፤ አንዱም ጆሮዬ አልገባም። «ፈቃዱ ነው» ሲሉኝ ግን አንድ ነገር ያዝኩ። የልጄ ሞት ባለቤት አለው ማለት ነው። ዝም ብሎ በአጋጣሚ አልሆነም፣ የምጠይቀው አምላክ አለ ማለት ነው። ይህን ከለቅሶ ቤት ብታወጡት የሚቀረው ፍሬን ያልያዘ መኪና ብቻ ነው። በዚህ ደግሞ ማንም አይጽናናም።

የእድር ዳኛ፣ ከደሴ፦
እኔ ከልምድ ልናገር። «በቃ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደረቱን እስኪያብጥ የሚመታ አለ። ፊቷን የምትነጭ አለች። ጉድጓድ ውስጥ ካልገባሁ ያለ ሰው በእጄ ይዣለሁ። ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለውን ታወግዛለች። ሰው ራሱን ሲጎዳ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ስለዚህ መያዝ አለ፣ ማስቀመጥ አለ፣ ውኃ መስጠት አለ። ግን ጠያቂዋ የነገረችን እናት ራሷን አልጎዳችም። ያለቀሰች እናት ናት። ሁለቱን አንድ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ከአዳማ ለጻፉልን አባት ግን በደንብ ልመልስ። የእርስዎን ቃል ልነጥቅዎት አልፈልግም። እግዚአብሔር ልጅዎን በገነት ያኑርልዎት።

ኢዮብን እንመልከት። «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ፤ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን» ያለው ማነው? ልጆቹን የቀበረው ራሱ ኢዮብ ነው። ጎረቤት አላለለትም። ሦስቱ ወዳጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ድንቅ ነበር። ልብሳቸውን ቀደዱ፣ አለቀሱ፣ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ከሱ ጋር መሬት ተቀመጡ። አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም፤ ሕመሙ እጅግ ከባድ እንደሆነ አይተዋልና። የተበላሸው ከዚያ በኋላ፣ ማብራራት ሲጀምሩ ነው። ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ተከራከሩ። በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው። ቀኑን የረገመውን፣ የጮኸውን፣ የጠየቀውን ኢዮብን ግን ቅን ነገር እንደተናገረ መሰከረለት።

ስለዚህ የኔ ክርክር ቃሉ ውሸት ነው የሚል አይደለም። የሐዘንተኛው ቃል ነው እላለሁ። እሱ ካለው ምስክርነት ነው፤ እኛ ስንለው ግን ትእዛዝ ይሆናል።

የወንጌል አማኝ፣ ከነቀምቴ፦
እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጫና አለ። ቀብር ላይ መዝሙር ይዘመራል፣ ስለ ትንሣኤ ይሰበካል። መልካም ነው፣ ተስፋችን እሱ ነው። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ብሏል። ስለዚህ አማኝ በሞት ፊት የተለየ መሆን አለበት። ዳዊትን አስቡ። ሕፃኑ ታሞ ሳለ ጾመ፣ መሬት ላይ ተኛ። ሲሞት ግን ተነሳ፣ ታጠበ፣ በላ። «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» አለ። ይህ እምነት አይደለም?

ዲያቆን፣ ከጎንደር፦
ወንድሜ፣ ጥቅሱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጳውሎስ «አትዘኑ» ብሎ አላቆመም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ነው ያለው። ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ «ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ» ይላል። ያው ዳዊትም አቤሴሎም ሲሞት «ልጄ አቤሴሎም ሆይ» እያለ በሩ ላይ ካለው ሰገነት ወጥቶ አለቀሰ። አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ሐዘን ነው ያየው፤ አንዱን በዝምታ፣ ሌላውን በጩኸት አለፈው። ጌታም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ በመቃብሩ አቅራቢያ እንባውን አፈሰሰ። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ የሚስቁ ሰዎች ናቸው። «አይዟችሁ፣ አሁን አስነሣዋለሁ» ብሎ እንባቸውን ማቆም ይችል ነበር። መጀመሪያ አብሯቸው አለቀሰ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ተመልከቱ። በጽጌ ወቅት፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ፣ ሰቆቃወ ድንግል ይዜማል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ ስትሰደድ የደረሰባትን የሚያለቅስ ዜማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆመን ከእናት ጋር እናለቅሳለን። ይህን የሚያዜም ሕዝብ ድንኳን ውስጥ ያለችን እናት «ዝም በይ» ሊላት አይገባም። መዝሙር 88 (በግእዙ ዳዊት 87) መጨረሻው ጨለማ ነው፤ ምስጋና አልተጨመረለትም። ግን ጸሎት ነው፣ እንጸልየዋለን።

ደግሞ ሐዘኑ በቀን የተከፈለው በከንቱ አይደለም። ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ቤተ ክርስቲያን ሐዘን በሦስት ቀን ያልቃል አላለችም። ሐዘንተኛውም የሚያደርገው ነገር ያገኛል፤ ስለ ወዳጁ ነፍስ ያስጸልያል፣ ድሃ ያበላል። የፍቅሩ መሄጃ ይኖረዋል ማለት ነው።

ነርስ፣ ከሀዋሳ፦
ሁላችሁም ያልነካችሁት አለ። ልጅ ሞቶ የተወለደባቸው ወይም በቀናት ውስጥ የሞተባቸው እናቶች። በብዙ ቦታ ለነሱ ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ ደራሽም አይመጣም። የሚሰሙት «ገና ልጅ ነሽ፣ ይተካልሻል፣ እግዜር ያውቃል» ብቻ ነው። ጡታቸው ወተት ይዞ፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። አንዷ «ስም አውጥቼለት ነበር፣ ማንም ስሙን አልጠየቀኝም» አለችኝ። ስሙን ጠየቅኳት። ከዚያ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም።

ሌላም ልበል። ወራት አልፎም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካልወረደ፣ «መኖር አልፈልግም» ከመጣ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ጸሎቱን ሳይተዉ ነው። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፣ እባካችሁ ይህን በየቤቱ ንገሩ።

ከቤይሩት፦
እኔ የአባቴን መርዶ የሰማሁት ከተቀበረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቤተሰቦቼ «ሰው ቤት ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች» ብለው ደበቁኝ። ወቅቱ 2012 ነበር፣ ኮሮና የገባ ጊዜ። በስልክ ስደውልላቸው «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ አጎቴ ነገረኝና ወዲያው «አታልቅሺ፣ ፈቃዱ ነው፣ በርቺ» አለ። ከዚያ ካርዱ አለቀ። ማዳም እየጠራችኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ቃሉን አልጠላም። ግን በስልክ ያ ቃል ሲነገር ተናጋሪው ይሄዳል፣ ቃሉ ብቻ ይቀራል። የሚይዝሽ እጅ የለም። በኋላ እሑድ መውጣት ስንችል የሀገሬ ልጆች ተሰበሰቡልኝ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ አንዷ ዳዊት እያነበበች፣ አባቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንድናገር አደረጉኝ። ያን ቀን ነው እግዚአብሔር እዚህም አለ ያልኩት። ማንም አላስረዳኝም። የቤተሰብ መርዶ የምትደብቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አጠገቡ ሰው ካዘጋጃችሁ በኋላ ንገሩት እንጂ አትደብቁት።

የእድር ዳኛ፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። በ2012 እኛም ይህንኑ አየን። ስብሰባ ተከለከለ፣ ቀብር በጥቂት ሰው ሆነ። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ነበር፤ ቅዳሴውን ብዙው ሰው በቴሌቪዥን ተከታተለ። ያኔ የሞተባቸው ሰዎች ዛሬም ሲያገኙኝ «አላለቀስንለትም» ይሉኛል። ቃል አልጎደለባቸውም፤ ስልኩ ሁሉ «ፈቃዱ ነው» በሚል መልእክት የተሞላ ነበር። የጎደላቸው ፍራሽ ላይ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

የወንጌል አማኝ፦
ስለ ጳውሎሱ ጥቅስ ዲያቆኑ ያሉትን እቀበላለሁ። እኛ ጋ ባሏን የቀበረች እህት በሳምንቷ መድረክ ላይ ወጥታ «ጌታ ድል ሰጠኝ» እንድትል የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። ይህ ሊቀር ይገባል። ግን ትንሣኤውን እዚያው ቀብሩ ላይ መስበክ አልተውም። ሞት ጮክ ብሎ ሲናገር እኛ ዝም ካልን ማን ይናገራል?

ጠያቂዋ፦
አይተውት። እኔም ትንሣኤው እንዲሰበክ እፈልጋለሁ። ትንሣኤ ሞትን ጠላት ይለዋል። «ፈቃዱ ነው፣ ዝም በይ» የሚለው ግን ሞትን ወዳጅ ያስመስለዋል። ችግሬ እዚያ ጋ ነው።

ልጅ የቀበረ አባት፦
የኢዮቡን ነገር ሳስበው ዋልኩ። ለእኔ ያንን ቃል የነገሩኝ የገዛ አባቴ ነበሩ፤ ራሳቸው ሦስት ልጆች የቀበሩ ሰው። ምናልባት የያዘኝ ለዚህ ይሆናል። ከሳቸው አፍ ሲወጣ ከብዶ ነው የወጣው። አሁንም ቃሉ ከለቅሶ ቤት ይውጣ በሚለው አልስማማም። ጥያቄዬ ለዲያቆኑ ነው፤ እናትየዋ ራሷ «ለምን ወሰደብኝ?» ብላ ብትጠይቅዎት ምን ይሏታል?

ዲያቆን፦
«አላውቅም» እላታለሁ። ከዚያ የልጁን ክርስትና ስም እጠይቃታለሁ፣ በጸሎት እንድናስበው። በሰባቱ እመለሳለሁ፣ በአርባውም እመለሳለሁ። እርስዎም ቢሄዱላት ደስ ይለኛል፤ ልጅ የቀበረ ሰው ለሷ ከኔ ይሻላል።